አረቄ ውስጥ ቅጠል ሲዘፈዘፍ ምን ይፈጠራል? ስለ ቤት ውስጥ ሊከር ግልጽ ማብራሪያ

አረቄ ላይ ጤና አዳም ጣል ማድረግ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ነጭ ሽንኩርትና ማር የተዘፈዘፈበት ጠርሙስ ከቁም ሳጥን ጀርባ የማይገኝበት ቤት ጥቂት ነው። አሁን አሁን ደግሞ ነገሩ ዘመናዊ ስም ይዞ መጥቷል። ቲክቶክ ላይ የብርቱካን ልጣጭና በሶብላ ጠርሙስ ውስጥ ከትተው፣ ቮድካ አፍስሰውበት «እቤቴ የሠራሁት ሊከር» የሚሉ ቪዲዮዎች አይጠፉም። ከሥር የሚጻፈው አስተያየት ግን ሁሌም ያው ነው። አንዱ «ዓይን ያጠፋል» ይላል። ሌላው «መድኃኒት ነው እኮ» ይላል። ሦስተኛው «እቤት አልኮል ማውጣት ይቻላል እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል።

ሰዎቹ የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው። አልኮል መሥራት አንድ ሥራ ነው፤ በተሠራ አልኮል ውስጥ ቅጠል መዘፍዘፍ ሌላ ሥራ ነው። ሁለቱ ስለሚምታቱ ፍርሃቱም ድፍረቱም ቦታውን ይስታል፤ የሚያስፈራው ቦታ ላይ ሰው ይደፍራል፣ የማያስፈራው ላይ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር።

ሊከር ማለት ምንድን ነው?

ሦስት ነገር ነው። ጠንካራ አልኮል፣ ሽታና ጣዕም የሚሰጥ ተክል፣ እና ጣፋጭ። ጣፋጩ ስኳርም ሊሆን ይችላል፣ ማርም ሊሆን ይችላል። ጣፋጭ የሌለው ከሆነ ቅመም ያለበት አረቄ ነው እንጂ ሊከር አይባልም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ሳይቀር መስመር አስምሮለታል፦ በጥቅሉ አንድ ሊትር ውስጥ ቢያንስ 100 ግራም ስኳር፣ የአልኮሉ መጠን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ። «በመቶ» የሚለው ጠርሙሱ ላይ የምታዩት ቁጥር ነው። 40 በመቶ ከተባለ ከ100 ሚሊ ሊትሩ 40ው ንጹህ አልኮል ነው ማለት ነው፣ የቀረው በአብዛኛው ውሃ።

ከሚታወቁት ውስጥ ፈርኔት አለ፣ መራራ የቅጠላ ቅጠል ሊከር ነው። ታዋቂው ፈርኔት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1845 ሚላኖ ውስጥ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ የካርቱዢያን መነኮሳት ሻርትሩዝ የሚባል አረንጓዴ ሊከር ይሠራሉ፤ 130 ዓይነት ተክል እንደሚገባበት ይነገራል፣ ቀመሩም እስካሁን ምስጢር ነው። እኛ 130 አያስፈልገንም። ሁለት ሦስት ይበቃል፤ እንዲያውም ጀማሪ ሆኖ ከሦስት በላይ የሚቀላቅል ሰው መጨረሻ ላይ የሚያገኘው የሳል ሽሮፕ ነው።

ታዲያ አልኮሉን የሚሠራው ማን ነው?

እናንተ አይደላችሁም። ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው።

አልኮል ሲሠራ መጀመሪያ ይቦካል። እርሾ ስኳሩን በልቶ አልኮል ያወጣል፤ ጠላና ጠጅ እዚህ ላይ ያበቃሉ። ከዚያ አረቄ የሚፈለግ ከሆነ የቦካው እሳት ላይ ይጣዳል። አልኮል ከውሃ ቀድሞ ስለሚተን እንፋሎቱ በመቃ ወይም በቱቦ ያልፍና ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ጠብ ጠብ ይላል። አረቄ ማውጣት የሚባለው ይሄ ነው። ለእኛ ለሀዋሳ ሰዎች ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ መንገድ ሻሸመኔን አልፎ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አርሲ ነገሌ በአረቄ የምትታወቅ ከተማ ናት። ሥራው በአብዛኛው በሴቶች እጅ ነው፣ ብዙ ማገዶ ይፈጃል፣ ቀላል ሥራም አይደለም። አንድ ጊዜ የወጣው ተራ አረቄ ይባላል፤ በተለምዶ 34 በመቶ አካባቢ ነው። ተመልሶ ሲወጣ ዳግም ይሆናል፣ ወደ 46 በመቶ ከፍ ይላል።

የቤት ሊከር የሚጀምረው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። የተዘጋጀ አልኮል ገዝታችሁ ቅጠል ትዘፈዝፋላችሁ። እሳት የለም፣ ቱቦ የለም፣ እርሾ የለም። እቤት ውስጥ አረቄ ለማውጣት መሞከርን በበኩሌ ለማንም አልመክርም። የአልኮል እንፋሎት ተቀጣጣይ ነው፣ ጠባብ ኩሽና ውስጥ ከከሰል ወይም ከቡታጋዝ ጋር ሲገናኝ ጉድ ይፈላል። ከአሮጌ የመኪና ራዲያተር የተፈታ ቱቦ የሚጠቀሙም አሉ፣ ብየዳው ውስጥ ያለው እርሳስ ወደ መጠጡ ይገባል።

ዓይን ያጠፋል የሚባለውስ?

እውነት አለው። ጥፋቱ ግን የቅጠሉ አይደለም።

የምንጠጣው አልኮል ኤታኖል ይባላል። ሜታኖል የሚባል ወንድም አለው። በመልክ አይለያዩም፤ በሽታም በጣዕምም መለየት ለማንም ይከብዳል። ጉበታችን ግን ሜታኖልን መጀመሪያ ወደ ፎርማልዲሃይድ፣ ቀጥሎ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይቀይረዋል። የዓይን ነርቭን የሚያጠቃው ይሄ አሲድ ነው። 10 ሚሊ ሊትር የሚሆን ንጹህ ሜታኖል ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፣ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ደግሞ ሰው ሊገድል ይችላል። ከአንድ ትንሽ መለኪያ አይበልጥም ማለት ነው።

ሜታኖል ከየት ይመጣል? አንደኛው መንገድ ተፈጥሯዊ ነው። ፍራፍሬ ውስጥ ፔክቲን አለ፣ ማርማላታን የሚያረጋው እሱ ነው። ፔክቲን የበዛበት ነገር ሲቦካ ጥቂት ሜታኖል ይወጣል። ከእህል በሚሠራ መጠጥ ላይ መጠኑ አነስተኛ ነው። ሁለተኛው መንገድ የሰው ክፋት ነው፣ ብዙ ሰው የሚጨርሰውም እሱ ነው። ሜታኖል ለፋብሪካ የሚያገለግል ርካሽ ኬሚካል ነው፤ ትርፍ የጠማው ሰው መጠጥ ውስጥ ይቀላቅለዋል ወይም ሳያውቅ ከማይታመን ሰው ገዝቶ ይሸጠዋል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ላኦስ ውስጥ ስድስት የውጭ ሀገር ቱሪስቶች የሞቱት በዚህ ነው። በኮሮና ወቅት በ2020 ኢራን ውስጥ አልኮል ቫይረሱን ይገድላል የሚል ወሬ ሰምተው ሜታኖል ጠጥተው የሞቱት በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ቅጠል ወይም ልጣጭ መዘፍዘፍ ሜታኖል ይፈጥራል? የሚያሳስብ መጠን አይፈጥርም። ለዚያ መቡካት ያስፈልጋል፣ 40 በመቶ አልኮል ውስጥ ደግሞ እርሾ በሕይወት አይኖርም። ነገር ግን የተነሳችሁበት አልኮል ሜታኖል ካለበት፣ ጤና አዳምም ማርም አያወጣውም። ይልቁንም ስኳሩና ቅመሙ ጉዱን ይሸፍኑታል።

ስለዚህ ጥንቃቄው ሁሉ ግዢው ላይ ነው። የታሸገ፣ የፋብሪካ ምልክት ያለው፣ ክዳኑ ያልተነካካ ቮድካ ወይም ደረቅ ጂን ቀላሉ ምርጫ ነው። ጂን ራሱ የጥድ ፍሬ ሽታ ስላለው ከብርቱካን ጋር ይስማማል፣ ከቡና ጋር ግን ይጣላል። አረቄ ከሆነ ምርጫችሁ ከምታውቁት፣ ለዓመታት ሰፈር ሲጠጣው ከኖረ ቤት ግዙ። በጀሪካን መጥቶ «96 በመቶ ንጹህ አልኮል» እየተባለ የሚሸጥ ነገር ላይ እጃችሁን አታሳርፉ። ሳኒታይዘርና የቁስል ማጽጃ አልኮልም እንዲሁ፤ እንዳይጠጣ ተብሎ ሌላ ነገር ሊጨመርበት ይችላል።

እዚህ ላይ የሚወራውን የእሳት ፈተና ጉዳይ እንዝጋው። «ለኩሰው፣ ሰማያዊ ከነደደ ንጹህ ነው» ይባላል። ሜታኖልም ሲነድ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ነበልባል ነው ያለው። እሳቱ የሚነግራችሁ አልኮሉ ጠንካራ መሆኑን ብቻ ነው። ሌላው ደግሞ ሲወጣ የመጀመሪያውን ጠብታ መድፋት ነው። ጥሩ ልማድ ነው፣ መጥፎ ሽታ ያላቸውን ነገሮች ይቀንሳል፤ ሜታኖል ግን በመጀመሪያው ጠብታ ተጠቃሎ አይወጣም፣ እስከ መጨረሻው እየተከፋፈለ ነው የሚመጣው።

ምልክቱን ማወቅ አይከፋም። መመረዙ ወዲያው አይታይም። ሰውየው እንደማንኛውም ቀን ሰክሮ ይተኛል፣ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ትንፋሽ መፍጠን ይመጣል። ዓይኑ ይደበዝዛል፣ አንዳንዱ ነጭ ጭጋግ ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል ይላል። እንደ ተራ ሃንጎቨር ቆጥሮ ሾርባ እየሰጡ መጠበቅ የለም፣ በቀጥታ ሆስፒታል ነው። ማርከሻ አለው፤ ኩላሊት የሚያጥበው ማሽንም ይረዳል። ግን ሰዓቱ ሲያልፍ ዓይኑ ላይመለስ ይችላል።

ሽታው ከቅጠሉ ወደ አልኮሉ የሚገባው እንዴት ነው?

ቅቤ ስታነጥሩ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ ትጨምራላችሁ። ሽታቸው ቅቤው ውስጥ ይቀራል፣ ከወራት በኋላም ክዳኑን ስትከፍቱ ያውዳል። ያንኑ ቅመም በውሃ ብትቀቅሉት ቤቱን ያሸትተውና ውሃው ላይ ብዙም አይቀርም። ምክንያቱም ሽታ የሚሰጡት ዘይቶች ስብ ይወዳሉ፣ ውሃን ይሸሻሉ። አልኮል መሃል ላይ የቆመ ነው፤ ከውሃም ጋር ይዋሃዳል፣ ዘይቱንም ያሟሟል። ለዚህ ነው እሳት ሳይነካው በጊዜ ብቻ ቅጠሉን የሚያራቁተው።

እዚህ ላይ ጥንካሬው ልዩነት አለው። አልኮሉ ጠንከር ሲል ዘይቱን ቶሎ ይስባል። ደከም ሲል ውሃው ስለሚበዛ ውሃ የሚወደውን ነገር ይበልጥ ያወጣል፣ መራራውን፣ ምላስ የሚያሻክረውን ታኒን። 20 በመቶ ላይ የተዘፈዘፈ ቅጠል ሽታው ሳይወጣ ምሬቱ ቀድሞ የሚመጣው ለዚህ ነው። ከ40 በመቶ በታች አትጀምሩ። ዳግም አረቄ ከተገኘ በጥንካሬው የተሻለ ነው፣ የራሱ የጭስ ሽታ ግን አለው፣ ለስስ ቅጠል አይመችም፤ ለዝንጅብልና ለኮረሪማ ግን ግጥም ነው።

ኡዞ ላይ ውሃ ሲጨመር ነጭ የሚሆነውስ?

አይታችሁታል። ብርጭቆ ውስጥ እንደ ውሃ ጥርት ያለ ኡዞ አለ። ውሃ ጠብ ሲደረግበት መጀመሪያ ጭስ የሚመስል ጅራት ይዞ ይወርዳል፣ ከዚያ ድንገት ሙሉው ወተት ይመስላል። ድግምት አይደለም። ኡዞ ውስጥ ያለው የአኒስ ዘይት አልኮሉ ጠንካራ እስከሆነ ድረስ ሟሙቶ ይቀመጣል። ውሃ ሲጨመር አልኮሉ ይቀጥናል፣ ዘይቱን መሸከም ያቅተዋል። ያኔ ዘይቱ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጠብታዎች ሆኖ ይበተናል፣ ብርሃን እነሱ ላይ እየነጠረ ነጭ ሆኖ ይታየናል።

ይሄን ማወቅ የሚጠቅማችሁ የራሳችሁ የብርቱካን ሊከር ሽሮፕ ሲጨመርበት ደፍረስ ሲል ነው። ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደፉት። ደፈረሰ ማለት ዘይቱን በደንብ አውጥታችኋል ማለት ነው። የግድ ጥርት ያለ ካላችሁ ውሃና ስኳሩን ቀንሱ፤ እኔ ግን ደፍረስ ያለው ይሻለኛል።

ሀዋሳ ሆኖ ምን መዘፍዘፍ ይቻላል?

ብዙ ነገር። በዚህ በኩል የታደልን ነን። ቅርባችን ያለው የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል ጠጅ ሳር፣ ናና፣ ሮዝመሪ የመሳሰሉ መዓዛማ ተክሎች ላይ የሚሠራ ነው። የሲዳማ ቡና አለ። ገበያ ከተወረደ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ በእጅ ነው።

ዋናው ምስጢር ጊዜ ነው። ሁሉንም አንድ ላይ ከትቶ ወር መተው የጀማሪ ጥድፊያ ነው፣ ምክንያቱም ተክሎቹ አንድ ዓይነት ፍጥነት የላቸውም። እንደ ናናና እርጥብ በሶብላ ያለ ስስ ቅጠል በአንድ ሁለት ቀን ሽታውን ሰጥቶ ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው የሣር ጣዕም ነው። ጦስኝና ሮዝመሪ ሦስት አራት ቀን ይበቃቸዋል፣ ሮዝመሪ ሲቆይ መጠጡን ጥብስ ጥብስ ያሰኘዋል። ጠጅ ሳር ላይ ሽታው ያለው ከታች ወፍራሙ ነጭ ግንድ ላይ ነው፤ በሙቀጫ ቸብ ቸብ አድርጋችሁ ለሳምንት ተዉት። ዝንጅብልም ሳምንት። ቀረፋ እስከ ሁለት ሳምንት ይችላል። ቅርንፉድን ግን ተጠንቀቁ፣ ለአንድ ጠርሙስ ሦስት ፍሬ፣ ለሁለት ቀን። ከዚያ ካለፈ ሌላውን ሁሉ ውጦ ምላስ ያደነዝዛል።

ቡና በጣም ያምርበታል። መካከለኛ የተቆላ፣ ያልተፈጨ፣ አንድ ጭብጥ ፍሬ ለአንድ ሳምንት። የተፈጨ ከሆነ ከአንድ ቀን አታሳልፉት፣ አለበለዚያ ምሬቱ አያስጠጋም፤ ማጥለሉም ፈተና ነው።

ጤና አዳም ለብቻው ወሬ አለው። እኛ ቡና ላይ እንደምናደርገው ጣሊያኖች ግራፓ የሚሉት አረቄያቸው ጠርሙስ ውስጥ አንድ ቅርንጫፍ ጣል ያደርጋሉ። አንድ ትንሽ ቅርንጫፍ፣ ለአንድ ቀን፣ በቃ። ይህ ተክል ጠንካራ ነው። ማህጸንን የማነሳሳት ባሕርይ ስላለው ነፍሰ ጡር ሴት መራቅ አለባት፣ ነፍሰ ጡር ለነገሩ ከአልኮል ሁሉ መራቅ አለባት። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ቆዳ ያቃጥላል፣ ከቆረጣችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ።

የማይነካ ነገርም አለ። ኮሶ በአረቄ የሚወስዱ ሰዎች ነበሩ፣ አሁንም አይጠፉም። ኮሶ መርዝነት አለው፣ ዓይን እንደሚጎዳም በሕክምና ተመዝግቧል። አስተናግር ደግሞ ጭራሽ መርዝ ነው። ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም የሚለውን ነገር እርሱት። አልኮል ጥሩ ጥሩውን ብቻ መርጦ አያወጣም፣ መርዙንም እኩል ነው የሚያወጣው። ስሙን በእርግጠኝነት የማታውቁትን፣ ወጥ ውስጥ ወይም ሻይ ውስጥ ገብቶ የማታውቁትን ቅጠል ጠርሙስ ውስጥ አትክተቱ።

እስቲ በተግባር አንዱን እንየው

ብርቱካንና ኮረሪማ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

አንድ ጠርሙስ ቮድካ ያዙ፣ 750 ሚሊ ሊትር፣ 40 በመቶ። ከአምስት እስከ ስድስት ብርቱካን ለብ ባለ ውሃ ፈትጋችሁ እጠቡና አድርቁ። ከዚያ ካሮት በምትልጡበት መላጫ የላይኛውን ቆዳ ብቻ ስስ አድርጋችሁ ግፈፉ። ነጩ ክፍል እንዳይገባ፣ መራራው እሱ ነው። የእኛ ሎሚ ቆዳው በጣም ስስ ስለሆነ ነጩን ሳይነኩ መላጥ አይመችም፤ ሎሚ ከፈለጋችሁ በመፋቂያ ከላይ ከላይ ፈግፍጉት።

ልጣጩን ሰፊ አፍ ባለው የመስታወት ማሰሮ ክተቱና ቮድካውን አፍስሱበት። ሃይላንድ አይሆንም። የብርቱካን ዘይትና ጠንካራ አልኮል ፕላስቲክ ላይ ጥሩ ነገር አይሠሩም። ልጣጩ ሙሉ በሙሉ ይስመጥ፣ ከላይ የቀረ ቁራጭ ሊሻግት ይችላል። ክዳኑን ግጥም፣ ከዚያ ወደ ቁም ሳጥን። መስኮት ላይ ለፎቶ ያምር ይሆናል፤ የሀዋሳ ፀሐይ ግን ቀለሙንም ሽታውንም ነው የሚያጠፋው። አረንጓዴ ቅጠል ከሆነ ደግሞ ብርሃን ሲያገኘው ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ጨለማ ውስጥም ቢሆን ውሎ አድሮ ይለቃል። አረንጓዴ ሆኖ ለዓመት የቆየ የቤት ሊከር ካያችሁ ቀለም ጨምረውበታል ማለት ነው።

በየቀኑ አንዴ ነቅነቅ አድርጉት። በሁለተኛው ቀን አልኮሉ ቢጫ ይዟል። ከሳምንት በኋላ ልጣጩ ራሱ እየነጣ ይመጣል። ያኔ አንዱን አውጡና አጥፉት። ለስልሶ ከተጠቀለለ ገና ነው፤ ደርቆ ቋ ብሎ ከተሰበረ ያለውን ሰጥቶ ጨርሷል። አሥር ቀን አካባቢ ላይ እዚህ ይደርሳል። ኮረሪማው የሚገባው በመጨረሻዎቹ አራት ቀናት ነው፣ የአንዱን ቆዳ ገልጣችሁ ፍሬዎቹን ሰነጠቅ ሰነጠቅ አድርጋችሁ።

ማጥለል ላይ አትቸኩሉ። መጀመሪያ በወንፊት፣ ከዚያ በንጹህ ሻሽ ወይም በቡና ማጥለያ ወረቀት። አትጭመቁት፣ ሲጨመቅ ዝቃጩ አብሮ ይወርዳል።

ሽሮፑ 250 ግራም ስኳርና 200 ሚሊ ሊትር ውሃ ነው። ስኳሩ እስኪሟሟ ብቻ ሞቅ አድርጉት፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ይሄ ቀልድ አይደለም። ሀዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ አልኮል ደግሞ ከዚያም በጣም ቀድሞ ይተናል። ትኩስ ሽሮፕ ስታፈሱበት አሥር ቀን የጠበቃችሁት ሽታ ጣራ ላይ ይወጣል፤ አጠገቡ እሳት ካለ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በማር መሥራትም ይቻላል፣ ጣዕሙም ሞላ ይላል፤ ግን ይደፈርሳል፣ ከሥርም ዝቃጭ ያስቀምጣል።

ከተቀላቀለ በኋላ አንድ ወር ይረፍ። መጀመሪያ ቀን ስትቀምሱት አልኮሉ ለብቻው፣ ስኳሩ ለብቻው ነው የሚሰማችሁ። እየቆየ ይዋሃዳል።

ጥንካሬው ስንት ሆነ?

ሒሳቡ ቀላል ነው። 750 ሚሊ ሊትር ቮድካ 40 በመቶ ከሆነ ውስጡ 300 ሚሊ ሊትር ንጹህ አልኮል አለ። 250 ግራም ስኳር ሲሟሟ ወደ 155 ሚሊ ሊትር ቦታ ይይዛል፣ ከ200 ሚሊ ውሃው ጋር 355 ይሆናል። ጠቅላላው 1,105 ሚሊ ሊትር ነው። 300ን ለ1,105 ብታካፍሉ 27 በመቶ አካባቢ ትደርሳላችሁ። በዳግም አረቄ ከተሠራ ወደ 31 ይጠጋል። የሚንሳፈፈው የአልኮል መለኪያ ያላችሁ ሰዎች ስኳሩ ከገባ በኋላ አትጠቀሙበት፤ ስኳር ፈሳሹን ስለሚያከብደው ቁጥሩ ይዋሻል።

ቁጥሩን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? አንደኛ፣ ጣፋጭ ስለሆነ ሰው እንደ ጁስ ነው የሚጠጣው። 27 በመቶ ከቢራ አምስት እጥፍ ይበልጣል። ሁለተኛው ደግሞ መቆየቱ ነው።

ይበላሻል ወይ?

ከ20 በመቶ በላይ ከሆነ ተሐዋስያን ሊያድጉበት አይችሉም ማለት ይቻላል። ጨለማ ቦታ፣ በደንብ ተከድኖ፣ ያለ ፍሪጅ ዓመት ይቆያል። የሚደክመው ሽታው ነው። ወተት፣ ክሬም ወይም እንቁላል የገባበት ግን ሌላ ጨዋታ ነው፣ ለጀማሪ አይሆንም። መደፍረስ ችግር የለውም። ላዩ ላይ ሻጋታ ካያችሁ ግን ገፍፎ መጠጣት ብሎ ነገር የለም፣ ሙሉው ይደፋ።

መድኃኒት ነው ወይ?

ታሪኩ ከዚያ ይጀምራል። መነኮሳቱም ፋርማሲስቶቹም ቅጠል አልኮል ውስጥ የዘፈዘፉት መድኃኒት ብለው ነበር፣ የእኛም ነጭ ሽንኩርት በአረቄ ከዚያው ሐሳብ የወጣ ነው። መራራ ነገር ምራቅና የሆድ ፈሳሽ ያነሳሳል፣ ከምግብ በኋላ ቀለል ያለን የሚመስለንም በከፊል ለዚያ ነው። ከዚህ አልፎ ጉንፋን ያድናል፣ ስኳር ያወርዳል፣ ጨጓራ ይፈውሳል የሚለው ግን የሽያጭ ወሬ ነው። ጨጓራ ያለበትን ሰው አልኮል ያባብስበታል እንጂ አያሽለውም። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ፣ የእንቅልፍ ወይም የሚጥል በሽታ ክኒን የሚወስድ፣ ፓራሲታሞል የሚያዘወትር፣ ጉበቱ የታመመ ሰው ከሐኪም ሳይነጋገር መቅመስ የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ለጤና ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን የለም ብሏል። ቅጠል ስለገባበት ከዚህ ነጻ አይወጣም። የሚጠጣው ስለሚጣፍጥ ነው፣ በአንድ ትንሽ መለኪያ፣ ከምግብ በኋላ።

ሠርቶ መሸጥስ?

ለእንግዳ መቅዳትና መሸጥ አንድ አይደሉም። ለገበያ ሲሆን የንግድ ፈቃድና የምግብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤቶች ጉዳይ ይሆናል፣ ደንበኛው ቢታመም ተጠያቂው ሻጩ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ደግሞ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥ ይከለክላል። ለስጦታ የምትሰጡም ከሆነ ጠርሙሱ ላይ የገባበትን ተክል ሁሉ፣ የአልኮሉን መጠንና የተሠራበትን ቀን ጻፉበት። ጤና አዳም ካለበት ደግሞ እሱን ጎላ አድርጋችሁ።